ገበሬውን የሚፈትነው መጠይቅ

በደቡብ ህንድ ኬረላ ግዛት በአነስተኛ ማሳ ኮኮናት የሚያለሙ ገበሬዎችን ዕውቀት የሚለኩ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ ከምርምር ጣቢያ የወጣውን ምክር ወደ ጥያቄ ይለውጡና ገበሬው በትክክል በመለሰው ልክ ነጥብ ይሰጡታል። በዛፎቹ መካከል 7.5 ሜትር ያህል ርቀት ይተዋል? ለአንድ ዛፍ በዓመት 500 ግራም ናይትሮጅንና 1,200 ግራም ፖታሽ እንደሚመከር ያውቃል? ያላወቀው «ዝቅተኛ ዕውቀት ያለው» ተብሎ ይመዘገባል። እንዲህ ያለው መጠይቅ የባለሙያው ትምህርት ምን ያህል እንደደረሰ ሊነግረን ይችላል፤ የገበሬውን ዕውቀት ግን አይለካም።

ጨውን እንውሰድ። በኬረላ ጠጣር ቀይ አፈር ላይ ኮኮናት የሚተክሉ ሰዎች አፈሩ እንዲላላ ብለው ጉድጓዱ ውስጥ ጨው ይጨምራሉ። ጨው መሬት ያመክናል ተብሎ ለተማረ ሰው ነገሩ ድንቁርና ሊመስለው ይችላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በፊሊፒንስ የተካሄዱ ሙከራዎች ኮኮናት በጨው ውስጥ የሚገኘውን ክሎሪን አብዝቶ የሚፈልግ ተክል መሆኑንና ከባሕር በራቁ ማሳዎች ላይ የክሎሪን እጥረት ምርቱን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የፊሊፒንስ የኮኮናት ባለሥልጣንም ተራ ጨውን በማዳበሪያነት ሲመክር ቆይቷል፤ ጨው ደግሞ ከፋብሪካ ማዳበሪያ እጅግ ይረክሳል።

ይህን ስል ገበሬው ሁሉን ያውቃል ማለቴ አይደለም። የዛፉን እምቡጥ ቅጠል የሚበላውን ቀንዳም ጢንዚዛ ብዙዎች በብረት ሜንጦ ከጉድጓዱ እየጎተቱ ያወጡታል፤ በቅጠሎቹ ብብትም ከአሸዋ ጋር የተቀላቀለ የኒም ፍሬ ፋጉሎ ይጨምራሉ። ጢንዚዛው ግን የሚራባው በበሰበሰ ግንድና በራሳቸው የፍግ ጉድጓድ ውስጥ ነው። የጢንዚዛውን እጭ (ትሉን) የሚገድለውን ሜታራይዚየም የተባለ ፈንገስ ፍጉ ላይ መጨመር ከምርምር የመጣ ዕውቀት ነው፤ ያም ቢሆን ጢንዚዛው በራሪ ስለሆነ፣ ጎረቤት ካልተባበረ አንድ ገበሬ ብቻውን የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው።

ከሁሉም በላይ መጠይቁ የሚስተው የጉልበትን ነገር ነው። የዛፉን አናት ማጽዳት አስፈላጊ መሆኑን እያወቀ የማያደርገው ብዙ ነው፤ የሚወጣለት ሰው የለማ! የህንድ የኮኮናት ልማት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣቶችን በመወጣጫ መሣሪያ ማሠልጠን የጀመረው ዛፍ ላይ የሚወጡ ሠራተኞች እጥረት ስለከፋ ነበር። ጥቂት ዛፎች ብቻ ላሉት ሰው ደግሞ ዛፉ ላይ ለሚወጣው ሠራተኛ የሚከፈለው ከፍሬው ዋጋ ጋር የሚቀራረብበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «አያደርግም» ከሚለው ሳጥን አጠገብ «ለምን?» የሚል ክፍት መስመር ይጨመር፤ ውጤት የሚሰጠውም መልሱ ከተነበበ በኋላ ይሁን።