ኮምፒውተሩ የእርሾውን ጥያቄ አልመለሰም

ሰሞኑን በአንድ የቴክኖሎጂ ውይይት ላይ የሰማሁት ነገር አላስችል ብሎኛል። አንድ ተናጋሪ፣ የፕሮቲንን ቅርጽ የሚገምተው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሶፍትዌር፣ አልፋፎልድ፣ ከመጣ ወዲህ የፕሮቲን ቅርጽ ጥናት ያለቀለት ጉዳይ ነው አሉ። እርሾ ላይ ዓመታት የሚፈጁ ቤተ ሙከራዎች ገንዘብም ወደ ኮምፒውተር ይዙር ብለው ጨመሩበት። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን ንድድ አልኩ።

ማስረጃቸው ምን ነበር? ከ200 ሚሊዮን በላይ ፕሮቲኖች ቅርጽ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ተቀምጧል የሚል ነው። ቁጥሩ እውነት ነው። ግን በ2022 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው ያ ክምችት ፕሮቲኖቹን ለየብቻ ነው ያስቀመጣቸው። ሴል ውስጥ ደግሞ ብቻውን የሚሠራ ፕሮቲን ከስንት አንዱ ነው። የአሥራ አንድ ተጫዋቾችን ጉርድ ፎቶ አይቶ ጨዋታውን አየሁ እንደማለት ነው።

ኦቶፋጂን ውሰዱ። ቲክቶክ ላይ ከጾም ጋር እየተያያዘ የሚወራለትን ማለቴ ነው። ሴል ሲራብ የራሱን ያረጀ ዕቃ አሽጎ የሚፈጭበት ሥርዓት ነው። ስለ አሠራሩ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከዳቦ እርሾ ነው። ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ1988 ቶኪዮ ውስጥ መፍጫ ኢንዛይም የጎደላቸውን እርሾዎች አስርበው በማይክሮስኮፕ አዩ። ቫኩዩል በሚባለው የሴሎቹ መፍጫ ክፍል ውስጥ ትንንሽ ከረጢቶች ተጠራቅመው ይርመሰመሱ ነበር። በ1993 ለሥራው የሚያስፈልጉ 15 ጂኖችን ለዩ። በ2016 የኖቤል ሽልማቱን ብቻቸውን ወሰዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። እርሾ ሲራብ ሥራውን የሚያስጀምሩት አምስት ፕሮቲኖች ናቸው፤ ኤቲጂ የኦቶፋጂ ፕሮቲኖች መጠሪያ ነው፤ ኤቲጂ1፣ ኤቲጂ13፣ ኤቲጂ17፣ ኤቲጂ29 እና ኤቲጂ31። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ምንጊዜም አይለያዩም። በ2012 ቤተስዳ፣ ሜሪላንድ የነበሩ ተመራማሪዎች የሦስቱን ቅርጽ በክሪስታልና በኤክስሬይ አወጡ። የተጠቀሙት ላካንሲያ ቴርሞቶሌራንስ የሚባል የዳቦ እርሾ ዘመድ ነበር። ኤቲጂ17 እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ኤቲጂ17ዎች ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው እንደ እንግሊዝኛው ኤስ (S) ፊደል የተጠማዘዘ ቅርጽ ይሠራሉ። ጉብጠቱን ያየ ሁሉ፣ ማሸጊያውን ሽፋን ለመሥራት የሚመጡትን ትንንሽ ከረጢቶች የሚያቅፍበት ነው ማለቱ አይቀርም። ግን ጉብጠቱ ውስጥ ኤቲጂ29 እና ኤቲጂ31 ተቀምጠዋል! ቦታው ተይዟል። ቅርጹ ታወቀ፣ ጥያቄው ባሰ።

ኤቲጂ13 ደግሞ ይብሳል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክፍሉ ቋሚ ቅርጽ የለውም። እርሾው ሲጠግብ ቶርክ1 የሚባለው የፕሮቲኖች ስብስብ ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካል ይለጥፍበታል። ሲራብ ፎስፌቱ ይራገፋል። ያኔ ኤቲጂ13 በሁለት ቦታ ኤቲጂ17ን ይይዛል፣ አንዱን ኤስ ከሌላው ኤስ ጋር ያገናኛል። ሌላው ሌላውን እየያዘ ይቀጥላል። ውጤቱ የፈሳሽ ጠብታ ነው። በ2020 የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን በሕይወት ባለ እርሾ ውስጥም፣ ፕሮቲኖቹን ለይተው በማደባለቅም አሳዩ። የሥራው መነሻ ቦታ ጠብታ ነው፤ የሚፈስ፣ የሚቀላቀል። ጠብታን በየትኛው ቋሚ ሥዕል ነው የምታሳዩት?

አልፋፎልድ እንዲህ ያለ ቅርጽ አልባ ክፍል ሲገጥመው ብርቱካናማ ቀለም የተቀባ የተበታተነ ክር ነው የሚያወጣው። ብርቱካናማ ማለት እዚህ ጋ አትመኑኝ ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ልኩን ያውቃል። ልኩን ያለፉት ስለሱ የሚያወሩት ሰዎች ናቸው።

መሣሪያው ትልቅ ነው፣ የ2024ቱ የኬሚስትሪ ኖቤልም ይገባዋል። አዲሶቹ ስሪቶች የፕሮቲን ስብስብም ይገምታሉ። ግን ከምን ተምረው? ከ1971 ጀምሮ ፕሮቲን ዳታ ባንክ በሚባለው የፕሮቲን ቅርጾች ማኅደር ከተጠራቀመው፣ ክሪስታል ሲያሳድጉ ዕድሜያቸውን ከፈጁ ሰዎች ሥራ። የአስተማሪውን በጀት ቀምቶ ለተማሪው መስጠት ምን ዓይነት ስሌት ነው?

እርሾ ለሰው ምን ይሠራል የሚለውማ መልስም አያስፈልገው ነበር። ኤቲጂ18 የሚባለው ሌላ የእርሾ ኦቶፋጂ ጂን ዘመድ የሆነው፣ የሰው ደብሊውዲአር45 ጂን ሲበላሽ፣ ብረት አንጎል ውስጥ የሚጠራቀምበት ከባድ የነርቭ በሽታ ይመጣል። የሚጀምረውም በልጅነት ነው። የዚያን ልጅ እናት እርሾ ምን ይሠራል ብለው ይጠይቋት።

ተናጋሪው እውነት ካላቸው ቀላል ጥያቄ አለኝ። ኤቲጂ9 የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን የተሸከሙት ትንንሽ ከረጢቶች ጠብታው ጋ ደርሰው ያረጀውን ዕቃ የሚያሽገውን ሽፋን መዘርጋት ሲጀምሩ፣ አምስቱ ፕሮቲኖች በየትኛው ቅጽበት እንዴት ይቀመጣሉ? ከ200 ሚሊዮኑ ፋይል መልሱ ያለበትን አንዱን ከፍተው ያሳዩን። እስከዚያ የእርሾ ቤተ ሙከራዎች በጀት ላይ እጃቸውን አያንሱ።