ጭቃው ይመሰክርብናል

እንቦጭ እንቦጭ ስንል ስንት ዓመታችን! ጣና ላይ መታየቱ ከተሰማበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በእጅ ነቀልን፣ በማሽን አጨድን፣ ብር አዋጣን። ደግ አደረግን። ግን ወገኖቼ፣ ይህን አረም የሚቀልበው ማነው?

እኛው ነን። ቅዳሜ ጠዋት ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ውረዱ። ባጃጁ እስከ ጎማው ውሃ ውስጥ ገብቶ ይታጠባል። አረፋው ደንገሉ ሥር ይጠራቀማል። ትንሽ አለፍ ስትሉ ከአንድ ሆቴል ጀርባ ቱቦ አለ፤ ምን እንደሚያወጣ ሽታው ይነግራችኋል። ከላይ ደግሞ ዳፕና ዩሪያ ማዳበሪያው ከአፈር ጋር ተጠርጎ በርብና በጉማራ ወንዞች ይወርዳል። በዚህ ሁሉ የሚገባው ፎስፈረስና ናይትሮጅን ነው የእንቦጩ ቀለብ።

"ኧረ ዝናቡ ነው፣ ጎርፉ ነው" እንዳትሉኝ። ሐይቅ የገባበትን ሁሉ ዓመት በዓመት ከሥሩ ይደራርባል። (የድሮው ጭቃ ሹም ግብር ይቆጥር ነበር፤ ይሄኛው ጭቃ ግን ጉቦም አይበላ።) ባለሙያ ረጅም ቱቦ ሰክቶ ጭቃውን ሳይበጠብጥ ያወጣና እንደ ዳቦ በስሱ ይቆርጠዋል። የእያንዳንዱን ቁራጭ ዕድሜ እርሳስ-210 በሚባል ጨረር አመንጪ ብረት ያሰላል፤ ይህ እርሳስ በየ22 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከዚያ ፎስፈረሱን ይለካል። ጥፋቱ የአፈር መሸርሸር ብቻ ቢሆን ፎስፈረሱ ከአፈር ጋር ከሚመጡት ከአሉሚኒየሙና ከታይታኒየሙ ጋር አብሮ በጨመረ ነበር። ብቻውን ከዘለለ የሰው እጅ ይጠረጠራል። ናይትሮጅኑማ ይባስ ያሳጣል። ናይትሮጅን ቀላልና ከባድ ዓይነት አለው፤ ከሽንት ቤትና ከእበት ቀለል ያለው በአሞኒያ ጋዝ ይተንና ከበድ ያለው ይቀራል። ጭቃው ውስጥ ያ ከባዱ ከበዛ፣ ከየት እንደመጣ መጠርጠር አያቅታችሁም።

እርግጥ ጣና ጥልቀት የለውም፣ ቢበዛ 14 ሜትር ቢሆን ነው። ነፋስ ጭቃውን ስለሚያምሰው ንባቡ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግን ሐይቁ ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር የነገረን ይኸው ጭቃ ነው። ያንን ያልረሳ የትናንቱን የእኛን ጉድ ይረሳል?

ደግሞ ዝም ብሎ መዝጋቢ ብቻ አይደለም። ከሥር ኦክስጅን ሲያጥር ያስቀመጠውን ፎስፈረስ መልሶ ለውሃው ይለቃል። ዛሬ ብናቆም እንኳ ዕዳው ለዓመታት ይከተለናል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ባጃጅህን ከውሃው አውጣ። ባለ ሆቴሉ፣ ጉድጓድ ቆፍር፣ ሲሞላም አስመጥጥ። ለነቀላ የወጣችሁም ብትሆኑ እንቦጩን ዳር ላይ ከምራችሁ ፎቶ ተነስታችሁ አትሂዱ። እዚያው ሲበሰብስ የጠጣውን ሁሉ መልሶ ሐይቁ ውስጥ ይተፋዋል።