ማስተካከያ፦ የካምፐር ውሃ ማሞቂያ በባዶ ታንክ አይበራም

ባለፈው በጋዝም በኤሌክትሪክም ስለሚሠራው የካምፐር (የተንቀሳቃሽ ቤት መኪና) ውሃ ማሞቂያ ስጽፍ፣ «ካምፕ ቦታ ደርሳችሁ ገመዱን እንደሰካችሁ የኤሌክትሪኩን ማብሪያ አብሩ» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ የማሞቂያው ታንክ ውሃ መያዝ አለበት። ባዶ ታንክ ላይ ኤሌክትሪኩ ከበራ ሬዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ክፍል) ወዲያው ይቃጠላል።

«የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍቶ ማየት ይበቃል» ያልኩትም አይበቃም። በተለይ ካምፐሩ ክረምቱን ቆሞ ከነበረ ተጠንቀቁ። ለብርድ ሲዘጋጅ ውሃው ታንኩን ዘሎ እንዲያልፍ ከማሞቂያው ጀርባ ያሉት ቫልቮች ይዞራሉ። እንደዚያው ከተረሱ፣ ታንኩ ባዶ ሆኖም ከሙቁ ቧንቧ ውሃ ይወርዳል! ስለዚህ ቫልቮቹን መልሱ። የሙቁን ቧንቧ ከፍታችሁ አየር መትፋቱን ትቶ እኩል እስኪፈስ ጠብቁ። ከዚያ ማሞቂያው ቀዝቃዛ እንደሆነ፣ በውጭ በኩል ያለውን የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ትንሽ ከፈት አድርጉ። ውሃ ከወጣ ሞልቷል ማለት ነው።

ሌላው ስህተቴ፣ «ጋዝና ኤሌክትሪክ አብረው አይበሩም» ያልኩት ነው። አሜሪካ ውስጥ የተለመዱት ባለ 6 ጋሎን ማሞቂያዎች ብዙዎቹ ሁለቱን አንድ ላይ ይችላሉ፤ ውሃውም ቶሎ ይሞቃል። የኤሌክትሪኩ ክፍል ብቻውን 12 አምፔር አካባቢ ይስባል። በ30 አምፔር መስመር ላይ ኤሲና ማይክሮዌቭ ከተጨመሩበት ብሬከሩ ይወርዳል። ያኔ በጋዝ ብቻ አሙቁ። ጋዙን የሚያቀጣጥለው ግን የካምፐሩ የ12 ቮልት ኤሌክትሪክ ነውና እሱ ከደከመ እሳቱ አይነሳም።