ለኒቼ ሊቃውንት የቀረበ ውዳሴ

መጽሐፍ ቤት የገባ የአብነት ተማሪ አንዱን ክፍል ከነአንድምታው እስኪዘልቅ ዓመታት ይፈጅበታል። ይህን ማን ተናገረው? ለማን? ምን አስቦ? እያለ ሲቆፍር ሽበት ያበቅላል። የእኛ የኒቼ ሊቃውንት ግን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ገላግለውናል። ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ጀርመናዊው ፈላስፋ ፍሬድሪክ ኒቼ ተጠቅሶ፣ ተተንትኖ፣ ተፈርዶበት ያልቃል። ምስጋና ቢጎርፍላቸው ሲያንሳቸው ነው።

ችሎታቸው ጎልቶ የሚታየው «እግዚአብሔር ሞቷል» በምትለዋ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 የታተመውን የኒቼን መጽሐፍ «ሐሴታዊው ሳይንስ» ገልጦ ቁጥር 125ን ያነበበ ምስኪን ነገር ይወሳሰብበታል። እዚያ የሚናገረው ኒቼ ሳይሆን አንድ እብድ ነው። በጠራራ ጠዋት ፋኖስ አብርቶ ገበያ መሐል ይገባና «እግዚአብሔርን እፈልጋለሁ!» እያለ ይጮኻል። የሚስቁበት ደግሞ አማኞች አይደሉም፤ ድሮውንም የማያምኑት ናቸው። «እንደ ሕፃን ልጅ ጠፋ? ፈርቶን ተደበቀ? ወይስ መርከብ ተሳፈረ?» ይሉታል። እብዱ «ገደልነው፤ እኔና እናንተ» ይላቸዋል፤ ግን አይፈነድቅም። ባሕሩን እንዴት ጠጥተን ጨረስነው? አድማሱን ጠርገን የምናጠፋበትን ስፖንጅ ማን ሰጠን? ምድርን ከፀሐይዋ ስንፈታት ወዴት ልትሄድ ነው? እያለ ይብሰከሰካል። በመጨረሻ ፋኖሱን መሬት ላይ ከስክሶ «ያለ ጊዜዬ መጣሁ» ይላል።

ይህን ሁሉ ማን ይሸከማል? ሊቁ ሁለት ቃል ያስቀርና ሌላውን ይጥላል። በዚችው ሁለት ቃል አንዱ ከእምነት ነፃ መውጣቱን ያውጃል፤ ሌላው «ኒቼም ሞተ፣ እግዚአብሔር ግን አለ!» ብሎ ጉባኤውን በጭብጨባ ያናውጣል። ሁለቱም ገበያው ላይ ከሚስቁት ጋር ቆመው እየሳቁ መሆናቸውን ለመንገር ልብ አይገኝም።

የአለንጋዋም ጥቅስ አለች። «ወደ ሴት ስትሄድ አለንጋህን አትርሳ» ተብሎ ወንዶች በተሰበሰቡበት ሲጠቀስ ሞቅ ይላል። በ«ዛራቱስትራ እንዲህ አለ» አንደኛ ክፍል ይህን ለዛራቱስትራ ሹክ የምትለው አንዲት አሮጊት ናት። መጽሐፉ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1882፣ ኒቼ ሉሰርን ከተማ ፎቶ ተነሥቷል። ጋሪው ላይ ሆና አለንጋ የያዘችው ወዳጁ ጸሐፊዋ ሉ ሳሎሜ ናት፤ በፈረስ ቦታ የቆሙት ኒቼና ጓደኛው ፓውል ሬ ናቸው። ፎቶውን ማሳየት ግን ነውር ነው፤ ጨዋታ ያደፈርሳል።

«ያልገደለኝ ያጠነክረኛል» ለጂም ግድግዳ ተመድባለች፤ እዚያው ትቀመጥ። ተናጋሪው በራስ ምታትና በዓይን ሕመም ገና በ34 ዓመቱ የባዝል ዩኒቨርሲቲ መምህርነቱን መልቀቁን፣ ጥቅሷ ያለችበት መጽሐፍ በወጣበት በጃንዋሪ 1889 ቱሪን ላይ አእምሮው ተናግቶ መውደቁን፣ እስከ ሞተበት እስከ 1900ም አለማገገሙን ክብደት ለሚያነሣ ሰው መንገር ምን ይጠቅመዋል?

ለሙያው መሥራች ሐውልት አለመቆሙ ግን ይቆጨናል። የኒቼ እኅት ኤልሳቤጥ ናት። ከፀረ አይሁዱ ባሏ ጋር ፓራጓይ ድረስ ሄዳ «ንጹሕ የጀርመን» ሰፈር ለማቋቋም ሞከረች። ወንድሟ በዚህ ጋብቻ ምን ያህል እንደተቆጣ በደብዳቤ ነግሯታል፤ እሷ ግን ቂም አልያዘችም፤ ሲታመም ወረቀቱን ሁሉ ሰብስባ ወረሰችው። ከዚያ መቀሷን አነሣች። ኒቼ ራሱ በ1888 ሐሳቡን የተወውን መጽሐፍ ከማስታወሻ ደብተሮቹ ሰፍታ «የኃይል ፈቃድ» ብላ በ1901 በ483 ቁጥሮች አወጣችው፤ በ1906 ደግሞ 1067 አደረሰችው። ሙታን እንዲህ ሲያመርቱ የት ታይቷል!

አሠራሯን ጠጋ ብሎ ላየው ይመስጣል። ኒቼ በጁን 10 ቀን 1887 ሌንትሰር ሃይደ በተባለ የስዊስ መንደር ስለ አውሮፓ ኒሂሊዝም (ሁሉ ነገር ትርጉምና ዋጋ የለውም ስለሚል አስተሳሰብ) በ16 ነጥብ የጻፈው አንድ ወጥ ጽሑፍ ነበር። በ1906ቱ እትም ይኸው ጽሑፍ ለአራት ተቆራርጦ በቁጥር 4፣ 5፣ 55 እና 114 ተበተነ። ከምን ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚታይበት ክር ተበጠሰ፤ የቀረው ለጥቅስ የተመቸ ብጣሽ ነው። ለእናቱ የጻፋቸውንም ደብዳቤዎች ለራሷ እንደተጻፉ አስመስላለች። በ1935 ስትሞት ሂትለር ቀብሯ ላይ ተገኝቷል፤ ቀባሪ ማማረጥ አይቻልም።

ጣሊያናውያኑ ምሁራን ኮሊና ሞንቲናሪ ደብተሮቹን በየቀናቸው ቅደም ተከተል አድርገው ከ1967 ጀምሮ በማሳተም ይህን ያማረ ሥራ አበላሹት። ከደብተሮቹ መሐል «ጃንጥላዬን ረሳሁ» የምትል ብጫቂ ማስታወሻ አለች። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣክ ዴሪዳ ስለ እሷ ብዙ ጽፎ፣ ምን ለማለት እንደሆነ መቼም ላናውቅ እንችላለን አለ። ምን ዓይነት ስንፍና ነው! የእኛ ሊቅ ቢያገኛት ከሥሯ ያን ጺማም ፎቶ ለጥፎ እስከ ምሳ ሰዓት የሕይወት መመሪያ ያደርጋት ነበር።

ሊቃውንቱን የሚወቅሱ ምቀኞች ደግሞ «ኤኬ ሆሞ»ን ያነሣሉ። ኒቼ በ1888 በጻፈው በዚህ መጽሐፍ መግቢያ ላይ «ከሁሉ በፊት ከሌላ ሰው ጋር አታምታቱኝ!» ብሎ ጮኋል። እውነት ነው፤ ጮኋል። ግን ወረቀቱ እኅቱ እጅ ስለነበር መጽሐፉ የታተመው በ1908 ነው፤ «የኃይል ፈቃድ» ሁለቴ ወጥቶ ከተቸበቸበ በኋላ። ታዲያ ልመናው ሃያ ዓመት ዘግይቶ ቢደርስ የሊቃውንቱ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?