ሹፌሩ ነፃ ወጣ ማለት ካሳ ቀረ ማለት አይደለም

አዳማ ላይ መኪና ገጭቶ ስለገደለው እግረኛ በተጻፉት አስተያየቶች «ሹፌሩ በወንጀል ነፃ ከወጣ ቤተሰቡ ካሳ መጠየቅ አይችልም» የሚል ደጋግሞ ይነበባል። በቅንነት የተጻፈ ቢሆንም ስህተት ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2149ን ይመልከቱ፦ የወንጀል ችሎት በነፃ ማሰናበቱ የፍትሐ ብሔር ዳኛውን አያስገድድም። የመኪናው ባለቤት ደግሞ በቁጥር 2081 ያለ ጥፋቱም ይጠየቃል፤ በቁጥር 2086 መሠረት «ጥፋት የለብኝም» ብቻውን አያድነውም፣ የሟቹ ጥፋት ግን ሊታይ ይችላል።

ለጠፋው መተዳደሪያ በራሳቸው ስም የሚከሱት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ተወላጆች (ልጆች፣ የልጅ ልጆች) ናቸው (ቁጥር 2095)። ወንድምና እህት እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ ይህም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የስህተቱ መዘዝ ይርጋ ነው፤ ማለትም ክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ ሊያልፍ ይችላል። በመርህ ደረጃ ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (ቁጥር 2143)። የወንጀሉን ፍርድ ስትጠብቁ ጊዜው እንዳያልፍ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት፣ የሞትና የጋብቻ ወይም የልደት ማስረጃ፣ የሟቹን ገቢ የሚያሳይ ሰነድ ካሁኑ ሰብስቡ።