የማተሚያ ቤታችን ጋኔን

የምሠራው ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ባለች ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው። ስድስት ሰው፣ ሁለት ፕሪንተር፣ አንድ ስፒከር። ጠብ የሚነሳው ሁልጊዜ በስፒከሩ ነው።

ስፒከሩ ብሉቱዝ ነው። ብሉቱዝ ደግሞ የቀደመ ነው። ጠዋት ቀድሞ የገባ ስልኩን ያገናኛል፣ ሌሎቻችን እሱ ያመጣውን እንሰማለን። አሞራ ገደል ዓሣ የሚበልቱትን ሰዎች ከበው እንደሚቆሙት አባ ኮዳዎች አንገታችንን ቀብረን የባለተራው ባትሪ እስኪያልቅ እንጠብቃለን። ስልክ ከተደወለለት ደግሞ ጉድ ነው። አንድ ቀን ዲዛይነራችን ስልኩን ሲያነሳ የአከራዩ ድምፅ በስፒከሩ ወጣ፤ «የሁለት ወር ኪራይ አለብህ!» የሠርግ ካርድ ሊያሳትሙ የመጡ ሙሽሮች ሳይቀሩ ሰሙ።

ያኔ ነው «መፍትሔ አለኝ» ያልኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

መፍትሔው ኤምፒዲ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ዘፈኑ ሁሉ አንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ስፒከሩ በገመድ እሱ ላይ ይሰካል። ሁሉም ሰው በዋይፋይ ገብቶ፣ በስልኩ ዘፈን መርጦ ወረፋ ያስይዛል። ስልኩ ሪሞት ብቻ ነው፤ ድምፁ የሚወጣው ከኮምፒውተሩ ነው። (ይህን ለማስረዳት አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። «ድምፁን ጨመርኩት፣ ስልኬ ግን ዝም አለ» የሚል አቤቱታ እስካሁን ይመጣል።) ራውተሩ እስከበራ ድረስ ኢንተርኔት አይፈልግም። «ካርድ አይበላም» ስል ተቃውሞው ሁሉ ረገበ።

የሒሳብ ሠራተኛችን እትዬ ብቻ አልረኩም።

«ኤምፒዲ ምን ማለት ነው?»

«ሚዩዚክ ፕሌየር ዴሞን።»

«ምን አልክ?»

ላስረዳ ሞከርኩ። «ዴሞን» የሚለውን ስም ያወጡት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ማክስዌል የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በሐሳቡ ከፈጠረው ጋኔን (በእንግሊዝኛ «ዲመን») ነው የወሰዱት። ከጀርባ ሆኖ ሳይታይ የሚሠራ ፕሮግራም ማለት ነው። እትዬ ከዚህ ሁሉ የያዙት «ሳይታይ የሚሠራ» የምትለዋን ብቻ ነው። አማተቡ። በማግስቱ ሲፒዩው ላይ ጠበል የተሞላ ሃይላንድ ተቀምጦ አገኘሁ። ክዳኑ መጥበቁን አይቼ ተውኩት።

መጫኑ አሥር ደቂቃ ወሰደ፤ ማሠራቱ ሁለት ቀን። መጀመሪያ «ዘፈን የለም» አለኝ። ለካ ፕሮግራሙ የሚሠራው በራሱ ስም፣ እንደ ሌላ ተጠቃሚ ሆኖ ነው። ካልተፈቀደለት የእኔ ፎልደር ውስጥ አይገባም። ጨዋ እንግዳ ነው፤ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጓዳ አይዘልቅም። ዘፈኑን ሳሎን አወጣሁለት። ቀጥሎ ስልኮቹ አንገናኝም አሉ። የፕሮግራሙ በር ቁጥር 6600 ነው፤ በሩ ግን የተከፈተው ለራሱ ለኮምፒውተሩ ብቻ ነበር። አንዲት መስመር ቀይሬ ዋይፋዩ ላይ ላለ ሰው ሁሉ ከፈትኩት። ዋይፋዩ ላይ ማን እንዳለ ግን አላሰብኩም። ጎረቤታችን ጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ የይለፍ ቃሉን ካወቀች ዓመት አልፏታል።

ዘፈኖቹ ከየሰው ፍላሽ የተገለበጡ ናቸው። ዝርዝሩ ሲከፈት ከሁሉ በላይ ብዙ አልበም ያለው ድምፃዊ «ያልታወቀ አርቲስት» ሆኖ ተገኘ። ሰውዬው አይቻልም። ትዝታ ይጫወታል፣ መዝሙር ይዘምራል፣ በሲዳምኛም በኦሮምኛም ይዘፍናል፣ ሲፈልግ ሴት ነው። ዘፈኖቹ ሁሉ «ትራክ 07» ነው የሚባሉት።

ያም ሆኖ ሠራ። እትዬ መዝሙር ያስይዛሉ፣ ዲዛይነሩ ከኋላቸው የጭፈራ ቤት ዘፈን ይደረድራል፣ ፕሮግራሙም በወረፋቸው ያጫውታል። ለጾምም ለፍስክም ደንታ የለውም።

ችግሩ የመጣው ማክሰኞ ነው። ፕሮግራሙ «ሪፒት» እና «ሲንግል» የሚባሉ ሁለት ቁልፎች አሉት። ሁለቱም ከተነኩ አንዱ ዘፈን እየተመላለሰ ይቀጥላል። የአንዳችን አውራ ጣት ሁለቱንም ነክታለች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ አንድ የሠርግ ዘፈን ተያዘ። አበቃ ስንል ይጀምራል። እኔ «ጋሼ ወደውት ነው» ብዬ ዝም አልኩ። ጋሼ አለቃችን ናቸው፤ የአለቃ ዘፈን አይነካም። እትዬ ዲዛይነሩ ሊያገባ ያሰበ መስሏቸው ዝም አሉ፤ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ፈገግ ብለው አዩት። ዲዛይነሩ እኔ ሶፍትዌሩን እየሞከርኩ መሰለው። ጋሼ ደግሞ «ወጣቶቹ እንዲህ ነው የሚሰሙት» ብለው በትዕግሥት ተቀመጡ። እስከ ምሳ 40 ጊዜ ገደማ ሰምተነዋል። አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። በመጨረሻ ማኅተም ሊያስቀርጽ የመጣ ደንበኛ «ምነው፣ ተበላሽቶባችሁ ነው?» ሲል ስድስታችንም አንድ ላይ ተነፈስን።

የጥንቶቹ ይሻሉ ነበር። በ1889 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ የተተከለው በሳንቲም የሚሠራ የሙዚቃ ማሽን አራት የጆሮ ቱቦ ነበረው። ሳንቲሙን የከተተ ቱቦውን ጆሮው ላይ አድርጎ ለብቻው ይሰማል። ለይሉኝታ ቦታ የለውም።

ከዚያ ወዲህ ሥልጣን ከፋፈልኩ። ፕሮግራሙ ይህን ይፈቅዳል፤ አንዱ ዘፈን እንዲያስይዝ ብቻ፣ ሌላው እንዲዘልና እንዲያቆም ጭምር። የመዝለያውን የይለፍ ቃል ለጋሼ ልሰጥ ሄድኩ። «ኧረ እኔ ምን ያደርግልኛል፣ ለልጆቹ!» አሉ ሰው ፊት። ከሰዓት በኋላ ለብቻዬ ጠርተው ወረቀት ላይ አስጻፉኝ። እስከ ዓርብ አምስቱም በየተራ፣ በምስጢር ወስደውታል። አሁን ዘፈን መሃል ላይ ሲቆረጥ ስድስታችንም ጣሪያ ጣሪያ እናያለን።

የጋኔኑ ነገር የተረጋገጠው ግን ሌሊት ነው። አንድ ቀን ማታ መብራት ጠፋና ስፒከሩን ሳናጠፋ ወጣን። ኮምፒውተሩ መብራት ሲመጣ በራሱ እንዲነሳ ያደረግሁት እኔው ነኝ፤ ኮርቼበትም ነበር። ፕሮግራሙ ደግሞ የት እንደደረሰ መዝግቦ ይይዛል፤ ሲነሳ ካቆመበት ይቀጥላል። መብራቱ የመጣው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው።

ስልኬ ጮኸ። ዘበኛችን ናቸው። በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

«ልጄ፣ ሰው ገብቷል።»

«ስንት ናቸው አባባ?»

«እኔ እንጃ። ከነባንዱ ነው።»

አስረዳኋቸው። «እንግዲያው አጥፋዋ» አሉኝ። ከቤት ሆኜ አልችልም፤ ስልኬ የሚታዘዘው ቢሮው ዋይፋይ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ቁልፉ ያለው ጋሼ ጋ ነው፤ ጋሼን በዚያ ሰዓት ማን ይቀሰቅሳል? አባባ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ እስኪነጋ ወረፋውን በሙሉ ሰሙ።

ጠዋት እትዬ ወሬውን ሲሰሙ «ብያለሁ!» ብለው ሃይላንዱን ቀየሩት። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ወደ አባባ ሄድኩ። ቀና ብለው አዩኝና «ሦስተኛው ማነው የዘፈነው?» አሉኝ።

«አይታወቅም አባባ።»

«ጎበዝ ነው።»

ልጃቸው የሰጣቸው ስልክ ነበራቸው። ሪሞቱን ጫንኩላቸው። አሁን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስንገባ ወረፋው እስከ ምሳ ተይዞ እናገኘዋለን፤ ሁሉም ትዝታ ነው። ጋሼ እንኳ አይዘሉም። ሌሊቱን ሙሉ ወረፋ ሲይዝ ያደረን ሰው ማን ይቀድመዋል?