ጃኬቱስ አለን!

ልጆቹን ይዞ ጀልባ ላይ የሚወጣ ወላጅ ሁሉ ሊመሰገን ይገባዋል። በተለይ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ላይፍ ጃኬት ከመቀመጫ ሥር ወሽቆ ለሚያስቀምጠው እጅ እንነሳለን። "ጃኬት ይዛችኋል?" ሲባል "እንዴታ!" ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ። እውነቱን ነው፣ ይዟል። ላስቲኩ እንኳን አልተቀደደም። ከላዩ ሻንጣ ተጭኖበታል፤ ሻንጣው ላይ ደግሞ አያት ተቀምጠዋል። ጀልባው ሲገለበጥ "እማማ፣ እስቲ አንዴ ብድግ ይበሉልን" ማለት ብቻ ነው። ከዚያ ልጁ ማዕበል እያላጋው ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ ይቆልፋል። በደረቅ መሬት የጫማውን ክር ማሰር ያቃተው ልጅ ውሃ ውስጥ ይህ ይሳካለታል ብሎ ማመን ቀላል እምነት አይደለም።

የሚያለብሱም አሉ፣ አይካድም። ለታላቅየው የተገዛውን ለትንሿ ያጠልቁላታል። "ታድግበታለች!" ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ሳብ ቢያደርጉት አገጯን አልፎ ጆሮዋ ጋ ይደርሳል። ነገረኞች "እንዲህ ከሆነ አልለካትም ማለት ነው" ይላሉ። በእግሮቿ መሃል የሚያልፈው ማሰሪያማ "ይቆረቁራታል" ተብሎ ተፈትቷል። ውሃ ውስጥ ስትወድቅ ጃኬቱ ለብቻው በሰላም ይንሳፈፋል።

ፎቶው ደግሞ አለ። ልጁ ጀልባው አፍንጫ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ካልተቀመጠ ምኑን ተሄደ? ወደ ፊት ቢወድቅ ጀልባው በላዩ ያልፋል፣ ከኋላ የሚሽከረከረው የሞተሩ ፕሮፔለር ይቀበለዋል። ፎቶው ግን እንዴት ያምራል!

ከሁሉ የማደንቀው ግን ጥበቃውን ነው። አንድ ልጅ፣ ስድስት አዋቂ። እያንዳንዱ አዋቂ ሌሎቹ አምስቱ እያዩት እንደሆነ እርግጠኛ ነው። "ቢወድቅ ይጮህ የለ እንዴ?" ትላለች አንዷ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል። የሚሰምጥ ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጮህም። አፉ ብቅ ባለ ቁጥር ትንፋሽ ለመሳብ እንጂ ለመናገር ጊዜ የለውም። እጁም ውሃውን ወደ ታች እየገፋ ስለሆነ አያውለበልብም። ጨዋ ልጅ ማለት ይሄ ነው! የትልቅ ሰው ወሬ አያቋርጥም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ በጉዳዩ ላይ ያካብዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 300,000 ያህል ሰው በመስጠም ሞቷል ይላል፤ ከእነዚህም ሩብ የሚጠጉት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ነው። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ "ክፉ አታውራ!" ብሎ ይገላገላል። አፍ ከተዘጋ ውሃው ምን ያደርጋል?

ከመሃላቸው አንድ ፈሪ ልጅ "አባዬ፣ ጃኬቴን አልብሰኝ" ካለ ይሳቅበታል። አባት ራሱ መች ለበሰና! "እኔ እያለሁ ምን ትሆናለህ? ዘልዬ አወጣሃለሁ!" ይላል። "ለመሆኑ ዋና ትችላለህ?" ብሎ የጠየቀው ሰው ግን ነበር።

"ዋና እንኳን አልችልም፤ ግን አባት አይደለሁ እንዴ?"